የሁሉም የሆነ መሬት ማን ይጠብቀዋል? የመንዝ ጓሳ ሲብራራ

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ችግኝ እንሰማለን። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህማ ወሬው ሁሉ ቁጥር ሆኗል። ስንት ተተከለ? ስንቱ ጸደቀ? ከተከላው በኋላ ያለው ግን ብዙ አይወራም። ሐምሌ ላይ የተተከለው መሃል ኅዳር ላይ ፍየል ብትገባ ማን ያስወጣታል? በምን ሥልጣን? ባለቤቷስ ሌላ የት ወስዶ ያሰማራት?

ጓሳ የሚባል የወል የሣር ተራራ ያላቸው የመንዝ ገበሬዎች እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ከ300 ዓመት በላይ ሲመልሱ ኖረዋል። መልሳቸው እንከን አልባ አልነበረም። የጎዳቸው ሰዎች አሉ። አንዴ ፈርሶም እንደገና ተበጅቷል። ሣሩ ግን ዛሬም አለ። ቀይ ቀበሮውም አለ። በዙሪያው ያለው ደጋ እስከ ተራራው ወገብ ታርሶ ሳለ ጓሳ እንዴት ተረፈ? ይህን የተረዳ ሰው ስለ ጫካም ስለ ሐይቅም ብዙ ነገር ይገባዋል።

## "የወል" ማለት "የማንም" ማለት ነው?

በፍጹም። ብዙው አለመግባባት የሚጀምረው ግን እዚህ ጋ ነው።

የወል ሀብት ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ሰውን ከሱ መከልከል ቀላል አይደለም። ተራራን ማን አጥሮ ይችለዋል? ሁለተኛ፣ አንዱ የወሰደው ከሌላው ይቀንሳል። የደብሩን ደወል መንደሩ ሁሉ ቢሰማው ድምፁ አያልቅም። ሣር ግን ያልቃል።

ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1968 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ነገሩን እንዲህ አስቀመጠው። አንድ እረኛ በጋራ ግጦሽ ላይ አንድ በግ ቢጨምር፣ የበጉ ጥቅም ሙሉ በሙሉ የሱ ነው። በጉ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ለሁሉም ይከፋፈላል። ስለዚህ እሱም ይጨምራል፣ ጎረቤቱም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሣሩም በጎቹም አብረው ያልቃሉ። ለዚህ የታየው መድኃኒት ሁለት ብቻ ነበር። ወይ መንግሥት ይቆጣጠረው፣ ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል።

ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች ምሁር ግን የተለየ ነገር አየች። ሰዎች ግጦሽና የመስኖ ውኃ በጋራ የሚያስተዳድሩባቸውን ቦታዎች ከስዊዘርላንድ እስከ ጃፓንና ፊሊፒንስ መረመረች። በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት በጋራ ተጠቅመው ሀብታቸውን ያላጠፉ መንደሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚህ ሥራዋ የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘች። በዘርፉ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም ናት። ሃርዲን የገለጸው በእርግጥ ባለቤት የሌለውን መሬት ነበር። የወል መሬት ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱ ብዙ ሰው መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ለኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የእድርን ድንኳን አስቡት። የማን ነው? የሁሉም። ታዲያ ማንም መጥቶ ይወስደዋል? አይወስድም። አባላቱ በስም ተመዝግበዋል። ዕቃ ያዡ ሳይመዘግብ አያወጣም። የቀደደ ያሰፋል፣ ያጠፋ ይተካል፣ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን የወሰኑትም አባላቱ ራሳቸው ናቸው። ድንኳኑ ስንትና ስንት ለቅሶ ያስተናገደው በዚህ ደንብ ነው። ጓሳም በመሠረቱ እንደዚያ ነው፤ ድንኳኑ ተራራ ሆኖ።

## ጓሳ የት ነው? ምንስ ይሰጣል?

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ በኩል ገደሉ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ሌሊት ውርጭ አለ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ፀሐይ ስትወጣ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል።

ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ በእቅፍ እቅፍ እየሆነ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ቀጭን፣ ሲነኩት ጠንከር የሚል ሣር ነው። አንዱን ቅጠል በሁለት እጅ ይዞ ለመበጠስ የሞከረ ሰው ለምን እንደሚፈለግ ወዲያው ይገባዋል። አይበጠስም። ጣትን ነው የሚቆርጠው። በዚህ ሣር ቤት ይከደናል፤ ክዳኑም ከሌላው ሣር ይልቅ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ገመድ ይገመዳል። እረኛ ዝናብ ሲመጣ የሚከናነበው ገሳ ይሠራበታል። ቁጥቋጦው ደግሞ ማገዶ ነው። ዛፍ በሌለበት በዚያ ብርድ አገር ማገዶ ማለት ሕይወት ነው።

ብዙ የማይነሳለት ሌላ ጥቅም አለው። ያ የሣር እቅፍ ውኃ ይይዛል። ዝናቡን እንደ ስፖንጅ መጥጦ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከጓሳ የሚነሱ ጅረቶች ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይፈሳሉ። ከታች ያለው ገበሬ ጓሳን በዓይኑ ባያየውም ውኃውን ይጠጣል።

## መሬት እንዴት "ይጾማል"?

ጥበቃው በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነበሩ። ጓሳንም ለሁለት ተካፈሉት። ዛሬ ጌራ ምድር የምንለው ስም የመጣው ከዚሁ ከጌራ ነው። ዘሮቻቸው ያቆሙት ሥርዓት ቀሮ ይባላል። የሥርዓቱ ልብ ደግሞ በጣም ቀላል ነው። መዝጋትና መክፈት።

ለምን መዝጋት? የጓሳ ሣር በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ሣር አይደለም። ሥሩ እዚያው ይኖራል፣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ሥሩን እንደ ጎተራ ቁጠሩት። ቅጠሉ ሲያድግ ጎተራው ይሞላል። ቅጠሉ ሲታጨድ ሣሩ ከጎተራው እያወጣ አዲስ ቅጠል ያበጃል። ጎተራው ሳይሞላ ደግመው ካጨዱት ግን ባዶ ይሆናል፣ እቅፉም ይደርቃል። አንዴ ከደረቀ ደግሞ በአንድ ክረምት አይመለስም።

ስለዚህ ጓሳ ለተከታታይ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ማጨድም ማስጋጥም አይቻልም። እያንዳንዱ ወገን የሚመርጠው አለቃ ነበረው፣ አፈሮ ይባላል። ሽማግሌዎች ሄደው ሣሩን ያያሉ። ደርሷል ካሉ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በበጋው መጨረሻ፣ መኖ ከየቦታው ሲጠፋና ሰው በእርግጥ ሲቸገር ነው። ተጠቃሚው የሚታወቀው በየደብሩ ነው። ጥበቃውም ደመወዝ የሚከፈለው የዘብ ሥራ አልነበረም። ባለመብቶቹ ራሳቸው ይወጡ ነበር። ደንቡን ለጣሰ ቅጣቱ ከባድ ነው።

መዝጊያው ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሐምሌ 5 ነው። የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀን። ሰው ጾሙን ሲፈታ መሬቱ ጾም ይይዛል። ቀኑን ለማስታወስ ደብዳቤ አያስፈልግም፣ ማስታወቂያ አያስፈልግም። መቼ እንደሆነ አላወቅሁም የሚል ሰውም አይኖርም። ሐምሌ ደግሞ ክረምቱ የሚጠናበት፣ ሣሩ ለማደግ የሚነሳበት ወር ነው። ተፈጥሮንና ሃይማኖትን እንዲህ ያጋጠመው ሰው ብልህ ነበር።

## ታዲያ ለምን ፈረሰ?

ምክንያቱም የቆመው በርስት ላይ ነበር። በጓሳ የመጠቀም መብት ያለው ከአስቦ ወይም ከጌራ ዘሩን የሚቆጥር ብቻ ነው። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ኖሮ፣ ዘር ያልቆጠረ ሰው ተራራውን እያየ ይቀዘቅዛል። ይህን ሳንናገር ቀሮን ማወደስ ልክ አይሆንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ። ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ነበር። በጓሳ ግን ከርስቱ ጋር ደንቡም ተሻረ። ተከልክሎ የኖረው ሰው በተራው መብት አገኘ፣ እሰየው ነው። ነገር ግን ማን ይዘጋል፣ ማን ይከፍታል፣ ማን ይቀጣል የሚለው ባለቤት አጣ። እዚህ ላይ ነው ሃርዲን የፈራው አደጋ እውነት ሊሆን የነበረው።

የመንዝ ሰው ያኔ ያደረገውን ልብ በሉ። የሞተውን ሥርዓት ለማስነሳት አልሞከረም። ከየገበሬ ማኅበሩ ተወካይ መርጦ የጓሳ ኮሚቴ አቋቋመ። ስሙን ምን አለው? እድር። ዘር መቁጠር ቀርቶ ነዋሪነት መመዘኛ ሆነ። የቀሮ ሐሳብ፣ ማለትም መዝጋትና መክፈት፣ በአዲስ ልብስ ቀጠለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ እውቅና ሰጠው። ዶክተር ዘለዓለም ተፈራን የመሳሰሉ አገር በቀል ተመራማሪዎች ታሪኩን በጥንቃቄ መዝግበውት ባይሆን ይህን ያህል ዝርዝር ዛሬ አናገኝም ነበር።

## ቀይ ቀበሮው ከዚህ ምን አገኘ?

ቤት። ገበሬው የጠበቀው ለክዳኑና ለከብቱ ብሎ ነው። ሣሩ ሲኖር ግን ከሥሩ አይጥና ፍልፈል ይኖራል። አይጥ ባለበት ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም። አብዛኞቹ ባሌ ናቸው፤ ጓሳ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎች አንዱ ነው።

ጓሳ ላይ የሚታይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጭላዳ መንጋ መሬት ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። አንዳንዴ በመቶ ይቆጠራሉ። መሃላቸው ቀይ ቀበሮ ይገባል። አይሮጥም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ በእናቶችና በግልገሎቻቸው መካከል ያልፋል። ጭላዳዎቹ ቀና ብለው ያዩትና ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። ግልገል ለመንካት የደፈረ ቀበሮ ሲመጣ ግን ተነስተው ያባርሩታል።

ቀበሮው ለምን ይገባል? ጓሳ ላይ ለዓመታት የቆዩ ተመራማሪዎች ቆጠሩት። ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ይሳካለታል። በጭላዳ መሃል ሲሆን 67። ምናልባት ጭላዳዎቹ ሣሩን ሲነቃቅሉ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጧቸው ይሆናል። ምናልባትም አይጦቹ በዚያ ሁሉ እግር መሃል ቀበሮውን አይለዩትም ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ ይህ ጉርብትና የሚኖረው ሣሩ እስካለ ነው። ሣሩ ደግሞ የሚኖረው የሚዘጋው እስካለ።

## ፓርክ ቢሆን አይሻልም?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ብሔራዊ ፓርክ የመንግሥት ነው። ሕግ፣ በጀትና የታጠቀ ጠባቂ አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚከብደው ከሰው ጋር ያለው ነገር ነው። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከቀያቸው ወጥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። ለዋሊያው ጠቅሟል የሚል አለ፤ የተነሳው ሰው ሕይወት ግን እንደ አዲስ ነው የጀመረው።

የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ላይ ገበሬው አይወጣም። የሚወጣው ከብቱ ነው፣ እሱም ለጊዜው። ጠባቂዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ጓሳ ላይ ያለውም የእንግዳ ማረፊያ የማኅበረሰቡ ነው። በኔ እይታ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው፦ ሲዘጋ የሚቸገረውና እንዲዘጋ የሚወስነው ያው አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሳያስፈልግ አይዘጋም። የዘጋውንም በሌሊት ሄዶ አይሰርቅም፤ ቢሰርቅ ጎረቤቱ ያውቀዋል።

አደጋ የለም ማለት ግን አይደለም። የገብስ ማሳ በየዓመቱ አንድ አንድ እርምጃ ይጠጋል። በጉ ይበዛል። ከእረኛ ጋር የሚሄዱ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ለቀበሮ ያስተላልፋሉ። አንድ የታመመ ውሻ ሙሉ የቀበሮ ቤተሰብ ሊጨርስ ስለሚችል፣ ውሻን ማስከተብ ቀበሮን መጠበቅ ነው። ሌላም ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር አለ። ቆርቆሮ። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ለቤተሰቡ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ሣሩን ለመጠበቅ የነበረው አንድ ምክንያት አብሮ ይነሳል። ገመዱና መኖው ይቀራሉ። እነሱ ብቻቸውን ይበቁ እንደሆነ የሚያሳየን ጊዜ ነው።

## ጫካ ላይስ ይሠራል?

ይሠራል፣ ደንቡ ከቦታው ጋር እስከተስማማ። ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ የተራቆተ ተራራ ነበር። ዛፉ ተቆርጧል፤ ጉቶው ግን ከመሬት በታች ሕያው ነው። ገበሬዎች በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከ2,700 ሄክታር በላይ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ አደረጉት። በአብዛኛው ችግኝ አልተከሉም። ከጉቶው ያቆጠቆጠውን መርጠው፣ የቀረውን እየገረዙ አሳደጉ። ዛፉ አየር ላይ ያለውን ካርቦን ይይዛልና ለዚያ ከውጭ ክፍያ አገኙበት። ተራራው ላይ የሚያድገው ሣርም እየታጨደ ይወሰዳል።

ኦሮሚያ፣ አዳባ ዶዶላ ላይ የተሞከረው ደግሞ የቁጥር ደንብ ነው። የደን ነዋሪዎች በማኅበር ይደራጃሉ፤ በኦሮምኛ ስሙ አሕጽሮት ዋጂብ ይባላል። ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ታሰበ። ስለዚህ 360 ሄክታር ጫካ ከ30 አባወራና እማወራ በላይ አይችልም። መሬቱ የሚችለውን ያህል ብቻ ሰው ማለት ነው። ጨካኝ ሊመስል ይችላል። ግን ኻያ ሰው የሚይዝ ታክሲ ውስጥ አርባ ሰው ቢሳፈር ማንም አይደርስም።

የቤተ ክርስቲያን ደንን የማያውቅ የለም። ጎንደርና ጎጃም ላይ ከሩቅ አረንጓዴ ጉብታ ካያችሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያም ወሰን አለ፣ ባለቤት አለ፣ የሚፈራ ነገር አለ። ብዙዎቹ ከብት እንዳይገባ ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ አጥረዋል፤ ድንጋዩንም ገበሬው ከማሳው ነው የሚለቅመው። ማሳውም ይጠራል፣ ደኑም ይታጠራል።

## ሐይቅ ይዘጋል እንዴ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ተራራ ባለበት ይቆያል። ውኃ ግን ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው።

ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሐይቁ ዳር ገበሬ ወገቡ እስኪቆረጥ ነቅሏል። ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ በእጁ። ከከተማም ወጣቱ እየሄደ አግዟል። ይህ ሊናቅ የማይገባው መሥዋዕትነት ነው። እምቦጭ ግን በምቹ ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ምግቡ ደግሞ ከላይ ከማሳው ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው። የሚነቅለው ገበሬ ታች ነው፣ የሚቀልበው ምንጭ ላይ ነው።

በእድር ቋንቋ ብንናገር፣ የአባላት መዝገቡ ጎድሎ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ተመዝግቧል። ተዳፋቱን የሚያርሰው ገበሬ፣ ፍሳሽ የሚለቀው የከተማ ሆቴል ግን ስማቸው የለም። ጓሳ ላይ ተጠቃሚውም አጥፊውም አንድ መንደር ስለሆነ በአንድ ሸንጎ ይዳኛሉ። ጣና ላይ ግን በመካከላቸው ብዙ ወረዳ አለ።

ያም ሆኖ ሐይቅም የሚጾምበት ጊዜ አለው። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። በርከት ያሉት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ወንዝ አፍ ላይ ተጠጋግተው ሲሰበሰቡ ማጥመድ እጅግ ይቀላል። በአንድ መረብ የሚወጣውም ከነገው ትውልድ ጋር ነው። በነዚህ ወራት የወንዞቹን አፍ መተው ማለት ጓሳን ሐምሌ 5 ቀን እንደ መዝጋት ነው።

ከወንዞቹ መካከል ርብና ጉማራ ይገኙበታል። በክረምት ከተዳፋቱ የታጠበውን አፈር ይዘው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ዓሣው ደግሞ በዚያው ወንዝ፣ በዚያው ሰሞን፣ ጎርፉን እየተጋፋ ወደ ላይ ይወጣል።